ለሞተር ዘይት የተላኩ ሽማግሌዎች

መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ። መኪናችሁን ለሰርቪስ ወደ ሸጠላችሁ ድርጅት ስትወስዱ፣ ሞተሩ ውስጥ የሚጨምሩት ዘይት ፋብሪካው ያዘዘው መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? አታውቁም። ቁልፉን ታስረክባላችሁ፣ በነጻ ሻይ ይሰጧችኋል፣ ቴሌቪዥን ታያላችሁ፣ መኪናዋ ታጥባ ስትመጣ ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ። እኔም እንደናንተ ሳላውቅ በሰላም የምኖር ሰው ነበርኩ። ሰላሜን የነሳኝ እዚህ ጆሃንስበርግ ያለ አንድ መኪና ሻጭ ያሠራው የመስታወት ግድግዳ ነው።

ቀድሜ ግን ማንነቴን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ንክ ነው ብላችሁ ታልፉኛላችሁ። ቴምቢሳ በሚባል ሰፈር ስፓዛ አለኝ። ስፓዛ ከዳቦ እስከ ሻማ፣ ከስኳር እስከ ስልክ ካርድ የሚሸጥባት የሰፈር ሱቅ ናት። ዕቃ የማመላልስባት አሮጌ መኪናዬ በየመንገዱ ስታስገፋኝ ኖራ ስትሞት፣ እኔና ባለቤቴ ዕቁባችን ሲደርሰን አዲስ ባኪ ገዛን። እዚህ አገር ከኋላዋ ለጭነት ክፍት የሆነችውን መኪና ባኪ ነው የሚሏት። አዲስ ስላችሁ የምር አዲስ ናት። የወንበሮቿን ላስቲክ እስከ ዛሬ አላነሳሁትም። በብርድ ጊዜ ይቀዘቅዘኛል፣ በሙቀት ጊዜ ከሱሪዬ ጋር ይጣበቃል፣ ስነሳ ይጮኻል፤ ቢሆንም አላነሳም።

ከመኪናዋ ጋር ዋራንቲ ሰጡን። ሞተሯ ቢበላሽ ወጪው የእነሱ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰርቪሷን በጊዜውና በደንቡ እዚያው ማስደረግ አለብኝ። ቀኑ ካለፈ ዋራንቲው ፉርሽ ነው። ባለቤቴ ያንን ዋራንቲ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልላ ፍራሽ ስር አስገባችው። ከሁለቱ የትኛውን ይበልጥ እንደምትጠብቅ ጠይቄያት አላውቅም።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላ ዘይት ልንገራችሁ። በሱቄ የምግብ ዘይት ከበርሜል እየቀዳሁ እሸጣለሁ። ሰዉ ባዶ ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ሞልቼ በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ አቀብለዋለሁ። የምንተኛበትም እዚያው ስለሆነ ከፍርግርጉ ጀርባ ከእኔና ከባለቤቴ በቀር ማንም አይገባም፤ ዘራፊ በበዛበት ሰፈር በሩን የሚከፍት ባለሱቅ የለም። ታዲያ የውጭ አገር ሰዎች ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ሁሉ የተጭበረበረ ነው የሚል ወሬ ከተነሳ ወዲህ፣ ደንበኛው በሙሉ ተቆጣጣሪ ሆኗል። ብስኩቱን እያገላበጠ ቀን ይፈልጋል፣ ወተቱን ይነቀንቃል። ከሁሉም የምትብሰው ጎጎ ናት። ጎጎ አያት እንደማለት ነው፤ ስሟን ስለማላውቅ እኔም እንደ ሰፈሩ ጎጎ እላታለሁ። ጠርሙሷን ሞልቼ ስሰጣት ወደ ፀሐይ ታነሳዋለች። ታዞረዋለች። ከፍታ ታሸተዋለች። ከዚያ እኔን ታየኛለች። "ማይ ፍሬንድ፣ ይሄ ዘይት ነው?" ትለኛለች፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ። እዚህ ባለሱቅ ሐበሻ ሁሉ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው። ማታ ለባለቤቴ፣ "እኔ ሰው የማበላ እንጂ ሰው የምመርዝ እመስላለሁ?" እያልኩ ስንት ጊዜ እራቴን ሳልበላ ተኝቻለሁ።

ይህን ያዙልኝና ወደ መስታወቱ እንመለስ። ለመጀመሪያው ሰርቪስ የሄድኩ ዕለት ሻዬን ይዤ ወርክሾፑን ከሚያሳየው መስታወት ፊት ቆምኩ። ከወዲያ ማዶ መካኒኩ ከጣራው ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ቱቦ ሳበ፣ ጫፉን ሞተሯ ውስጥ ከተተ፣ ጫን አለው፣ መለሰው። በቃ! የታሸገ ጀሪካን ሲከፈት አላየሁም፣ ላስቲክ ሲቀደድ አላየሁም። ቱቦውን በዓይኔ ተከተልኩት። ወደ ጣራው ይወጣል፣ በግድግዳው ይወርዳል፣ ከዚያ በሩ ዝግ ወደሆነ አንድ ክፍል ይገባል። በዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይኖራል? በርሜል ነዋ! እኔ ደግሞ የበርሜልን ጠባይ አውቃለሁ። የኔ በርሜል ንጹሕ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ በርሜል ግን ማንም የፈለገውን ሊደፋበት እንደሚችል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ይህን ሐሳቤን ለራሴ ብይዘው ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖርም ነበር። ለተስፋዬ ነገርኩት። ተስፋዬ ዱርንፎንቴን በሚባል የከተማው ሰፈር ቀበቶና ካልሲ የሚሸጥ ጓደኛዬ ነው። አገር ቤት ሳለ የሚኒባስ ረዳት ነበር፤ እዚህ ሲመጣ ራሱን በራሱ ሾሞ የሞተር ሐኪም ሆነ። የመኪናዋን አፍ ከፈተ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሻሸው፣ አሸተተው። ገበያ ውስጥ ቅቤ ስትገዙ ሻጯ ሙዝ ቀላቅላበት እንደሆነ ለማወቅ በጣታችሁ ቆንጥራችሁ የምትቀምሱትን ታውቁ የለ? ልክ እንደሱ ምላሱ ጫፍ ላይ አደረገው። ዓይኑን ጨፈነ።

"ምን አለ?" አልኩት።

"ቀጭን ነው።"

"ቀጭን ማለት?"

"ወንድሜ፣ ውሃ ነው ይሄ! ዘይት ማለት እንደ ማር የሚጎተት ነው። ይሄ ሞተር ውስጥ ይሮጣል እንጂ ቁጭ አይልም። ጉድ ሠርተውሃል!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተሯ ድምፅ ማሰማት ጀመረች። ለሌላ ሰው አይሰማም፣ ለኔ ብቻ ነው የሚሰማው። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ "ምንም አይሰማኝም" ትላለች፤ እኔ ሬዲዮ ዘግቼ አንገቴን ወደ መሪው ቀልሼ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ሳዳምጥ ቀይ መብራት ጥሼ አለፍኩ።

የሚቀጥለው ሰርቪስ ሲደርስ ተስፋዬ መርጦልኝ የገዛሁትን ወፍራም፣ የታሸገ የሞተር ዘይት ጀሪካን እንደ ሕፃን አቅፌ ገባሁ። መኪና የምትቀበለው ኖምሳ የምትባል ወጣት ናት። ፈገግታዋ ጥሩ ነው፤ ያን ዕለት ግን ፈገግታዋንም ጠረጠርኩት። ጀሪካኑን ጠረጴዛዋ ላይ ዘጭ አደረግኩት።

"ዛሬ ይህን ነው የምትጨምሩልኝ" አልኳት። "ሲከፈት ቆሜ አያለሁ። ባዶውንም ወደ ቤቴ እወስዳለሁ።"

"ቡቲ፣ ይህን አንጨምርም" አለችኝ። ወንድሜ ማለቷ ነው። "የኛ ዘይት ፋብሪካው የሚያዘው ነው። ይህን ጨምረን ሞተሩ አንድ ነገር ቢሆን ዋራንቲው አይሸፍንልህም።"

"የኔ የታሸገ ነው፣ የናንተ ነው ከቱቦ የሚመጣው!"

"ከቱቦ ቢመጣም ዘይቱ ያው ነው። ከፈለግክ—"

ከፈለግክ ምን ልትለኝ እንደነበር አልጠበቅኩም። እዚያው፣ ሻይ በሚጠጣው ሰው ሁሉ ፊት፣ ድምፄ ለመስታወቱ እስኪተርፍ ድረስ ጮኽኩ። "በርሜል ውስጥ የምትቀላቅሉትን የማላውቅ መሰለሽ? ሌባ ነሽ! ሁላችሁም ሌቦች ናችሁ!" አልኩ። ኖምሳ አልጮኸችም። ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ጠፍቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "እኔ ሌባ አይደለሁም" ብቻ አለች። ሥራ አስኪያጁ መጣና እንደኔ ያለ ደንበኛ እንደማይፈልጉ፣ ሌላ ቦታ እንድሄድ ነገረኝ። ዘበኛው ጀሪካኔን ራሱ ተሸክሞ እስከ መኪናዬ ሸኘኝ። ገፍትሮ ቢያስወጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የዚያ መኪና ሌላ ሻጭ ያለው ከከተማው ወዲያ ነው፤ ደውዬ ስጠይቅ ለሚቀጥለው ወር ካልሆነ ቦታ የለንም አሉ። የዋራንቲዬ ቀን ከዚያ በፊት ያልፋል። በባኪዋ መሪ ፊት ደግሞ ሰርቪስ ደርሷል የምትል ትንሽ ቢጫ የመፍቻ ምልክት በርታ ቀረች። ዳቦ ጭኜ ስሄድ ታየኛለች፣ ቆሜ ስጠብቅ ታየኛለች። ባለቤቴ ሁሉንም እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ሽማግሌ ላክ" አለችኝ።

"ለሞተር ዘይት?"

"ለሰደብካት ልጅ።"

እኛ ሐበሾች ባልና ሚስት ቢጣሉ ሽማግሌ፣ ሸሪክ ከሸሪክ ቢካካድ ሽማግሌ ነን። ጋሽ መኮንንን ለመንኩ፤ አዲስ አበባ ተወልደው እዚህ ብርድ ልብስ ሲሸጡ ያረጁ፣ ስንቱን ትዳር ከፍርስራሽ ያነሱ ሰው ናቸው። ጋሽ ኤርጫፎን ጨመርኩ፤ የሆሳዕና ሰው፣ ወንጌላዊ፣ እንግሊዝኛም ዙሉም አሳምረው የሚናገሩ። ሦስተኛው ሽማግሌ በማግስቱ ጉንፋን ያዛቸው። ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ካልሆነ አይሆንም ተባለ። በዚያ ጠዋት ኮት ያለውና ሥራ ያልያዘው ሰው አንድ ብቻ ነበር። ተስፋዬ።

"ነገሩን የጠነሰስከው አንተ ነህ እኮ!" አልኩት።

"ለዚህ ነው ከኔ የተሻለ የሚያውቀው የሌለ" አለኝ፣ ክራባቱን እያስተካከለ።

ጋሽ ኤርጫፎ፣ የተጣላችሁበት ዕቃ ለዳኝነት ይቅረብ ስላሉ ጀሪካኑንም ያዝን። ሦስት ሰው ሙሉ ልብስ ለብሶ ከኔ ጋር ሲገባ መጀመሪያ የመኪና ሻጮቹ ናቸው የከበቡን፤ ሦስት መኪና ሊገዙ የመጡ መስሏቸዋል። ጋሽ መኮንን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "እኛ ለልጅቷ ነው የመጣነው" አሉ። ያንን ተረጎምኩ። ሻጮቹ ተያዩ። ሽማግሌዎቼ ተቀመጡ ቢባሉም ከቤቱ ባለቤት ካልታዘዝን አንቀመጥም ብለው በረድፍ ቆሙ። ጋሽ ኤርጫፎ ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው አክብረው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

እዚህ ደግሞ ልጅ ሲጠየቅ እንዲህ ነው ለካ! ከወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ለሎቦላ፣ ማለት ለጥሎሽ ድርድር ይላካሉ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው ቆመው ይጠብቃሉ፤ ቃል ከመተንፈሳቸው በፊት ያልተከፈተ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ያኖራሉ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሴትዮ አንድ ጊዜ ጀሪካኑን አየች፣ አንድ ጊዜ ኖምሳን አየችና እልልታዋን አቀለጠችው። ከኋላ ያሉት ተቀበሏት። ኖምሳ ፊቷን በወረቀት ሸፈነች። ጋሽ መኮንን እልልታውን ሲሰሙ ነገሩ የተሳካ መስሏቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

ወርክሾፑን የሚመሩት ባባ ሲቶሌ የሚባሉ ሽበታም ሰው እጃቸውን እየጠራረጉ ወጡ።

"በዚህ ቤት የሷ አባት እኔ ነኝ" አሉ፣ ሳቃቸውን እንደያዙ። "ለልጄ ግን የሞተር ዘይት ይዞ የመጣ ሰው ገና ዛሬ አየሁ።"

ጋሽ ኤርጫፎ በዙሉ ለምን እንደመጣን ሲያስረዷቸው ባባ ሲቶሌ ሳቁን ተዉት። ወንበር አስመጡ። ሥራ አስኪያጁን ራቅ አድርገው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። ጥፋተኛ ይቅርታ ሊጠይቅ ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ ማባረር በሳቸውም ዘንድ ነውር ነው። ተቀመጥን። ጋሽ መኮንን እንግሊዝኛ አይሆንላቸውም፤ ጋሽ ኤርጫፎ ደግሞ ጥፋተኛው ራሱ ይተርጉም ስላሉ አስተርጓሚያቸው እኔ ሆንኩ። የራሳችሁን ክስ ራሳችሁ አስተርጉማችሁ ታውቃላችሁ?

"ይህ ሰው አፉን ያልገራ ባለጌ መሆኑን እናውቃለን በላት" አሉኝ።

"ሽማግሌው ነገሩ እንዳሳዘናቸው ይናገራሉ" አልኩ።

"ያላሉትን አትተርጉም" አሉ ጋሽ ኤርጫፎ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። ደግሜ ተረጎምኩ። ባለጌ የሚለው በእንግሊዝኛ የባሰ ነው።

ጋሽ መኮንን ከነገሩ በፊት ዘይቱ ይታይ አሉ። ባባ ሲቶሌ ያንን ዝግ በር ከፈቱ። በርሜል ነበረ፣ ልክ እንዳልኩት፤ ትልቅ፣ ንጹሕ፣ ፋብሪካው ያሸገው፣ ቱቦው ከክዳኑ የሚወጣ። ሆዱ ላይ የዘይቱ ደረጃ በትልቁ ተጽፏል። ተስፋዬ ከመከልከሉ በፊት ጣቱን ከቱቦው ጫፍ አስነክቶ ቀመሰና እስኪያስታውከው ሳለ። ባባ ሲቶሌ የመኪናዬን መመሪያ መጽሐፍ አምጣ አሉኝ። አመጣሁ። እሱም ከነላስቲኩ ነበር። ኖምሳ ላስቲኩን ቀዳ ገለጠችው፤ በርሜሉ ላይ ያለውና መጽሐፉ ላይ ያለው አንድ ነው። ዘይቱ ቀጭን እንዲሆን ያዘዘው ፋብሪካው ራሱ ነው፤ የአዲስ ሞተር መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ ወፍራሙ ቶሎ አይደርስም አሉን። ከዚያ የኔን ጀሪካን አዩት።

"ጥሩ ዘይት ነው" አሉ ባባ ሲቶሌ። "ለአሮጌ ታክሲ።"

ተስፋዬ ጣራውን ያይ ጀመር።

"መጠየቅህ ጥፋት አይደለም" አሉኝ ባባ ሲቶሌ። "የማይሆን ዘይት የሚጨምር ቤትም አይጠፋም። ምን ዘይት ነው፣ ከመጽሐፌ ጋር አመሳክሩልኝ ማለት መብትህ ነው። ልጅቷም ያን ዕለት ከፈለግክ ገብተህ እይ ልትልህ ነበር።"

ተመልሰን ተቀመጥን። ጋሽ መኮንን አሁን ልጅቷ ትናገር አሉ። ኖምሳ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

"እኔም የማድረው ቴምቢሳ ነው" አለች። "ሳይነጋ ወጥቼ ሲመሽ ስለምገባ አታውቀኝም። እኔ ግን አድራሻህን ሳይ ነው ያወቅኩህ። አያቴ ካንተ ሱቅ ነው ዘይት የምትገዛው። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስታ እንዴት እንዳየችው እቤት ስትነግረን፣ 'ጎጎ፣ ተዪ፣ ሰውየውን በሰው ፊት አታዋርጂው' የምላት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ እከራከርልሃለሁ። አንተ ግን በሰው ፊት ሌባ አልከኝ።"

መተርጎም ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል እምቢ አለኝ። ጋሽ መኮንን፣ "ምን አለች? ምን አለች?" ይላሉ። በመጨረሻ ጋሽ ኤርጫፎ ቀስ ብለው ነገሯቸው። ጋሽ መኮንን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው፣ "ተነስ" አሉኝ።

ተነሳሁ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ የነገረኝ የለም፤ እግሬ ራሱ ነው የሄደው። እንዳገሬ ደንብ ጉልበቷን ልይዝ ወድቄ ተንበረከክኩ። አፍሬያለሁ፣ ዕንባዬም መጥቷል፣ ይቅር በይኝ እያልኩ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ከሩቅ የታያት ግን አንድ ወንድ ከኖምሳ ፊት ሲንበረከክ ብቻ ነው። እልልታው ከፊተኛው በረታ። ሻጮቹ አጨበጨቡ። ሻይ ሲጠጣ የነበረ አንድ የማላውቀው ሰው መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ኖምሳ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አልቻልኩም፤ "ተነሣ፣ ቡቲ፣ እባክህ ተነሣ፣ እጮኛዬ ሰምቶ ሳይጣላኝ" አለችኝ። ይቅር ማለቷ ነው። ሥራ አስኪያጁም የመኪናዬን ቁልፍ ተቀበለኝ።

ጋሽ መኮንን ግን አልጨረሱም። ካሳ ያልተቆረጠበት ሽምግልና ሽምግልና አይባልም። "እነሱ ጓዳቸውን ከፍተው አሳይተውሃል። አንተም ክፈት" አሉ። ይህንንም ራሴ ተረጎምኩ። ፍርግርጉን? ለሰው? እዚያ ሰፈር?

ባኪዋ ቢጫ መብራቷ ጠፍቶ፣ ታጥባ ወጣች። በማግስቱ ጎጎ ባዶ ጠርሙሷን ይዛ መጣች። ሰልፉ ረጅም ነበር። ባለቤቴን አየኋት፤ በአገጯ ወደ መቆለፊያው አመለከተችኝ። ቁልፉን አዞርኩት። ሰልፈኛው ያ በር ሲከፈት አይቶ አያውቅም። "ጎጎ፣ ግቢ" አልኳት።

ገባች። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ መነጽሯን ከደረቷ አወጣች። ዞረችው። ጣቷን ነከር አድርጋ ቀመሰች፤ ዓይኗን ስትጨፍን ልክ ተስፋዬን ትመስል ነበር። ከዚያ ጠርሙሷን አስሞልታ ወጣች። ያኔ ሰልፈኛው በሙሉ እኛስ አለ። አንድ በአንድ ገብተው አዩ፤ አንዷማ ስኳሩንም ከፍታ አየች፣ ሌላው ፍራሻችንን ሳይቀር ነካ ነካ አድርጎ ሄደ። ባለቤቴ ዋራንቲው ያለበት ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ምንም አልጎደለም።

ጎጎ ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አታነሳም። አንድ ቀን ተቀብላኝ ወደ ዘንቢሏ ልትከት እጇን ስትዘረጋ አላስችል ብሎኝ ራሴ አነሳሁላት። በፍርግርጉ ቀዳዳ እጄን እስከ ትከሻዬ አስወጥቼ፣ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አድርጌ አዞርኩላት። አሁን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። ባለፈው ግን እንደዚያ ሳደርግ ክንዴን ያዘችኝ። ማይ ፍሬንድ አላለችኝም።

"ምንታናሚ፣ አውርደው፤ ክንድህ ይዝላል" አለችኝ።

ልጄ ማለቷ ነው። አወረድኩት።